በድሬዳዋ ትምህርት ቤቶች የጓሮ አትክልት ለሚጀምሩ መምህራን

በድሬዳዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የአትክልት ክበብ ለማቋቋም ያሰባችሁ መምህራን፣ ዘር ከመግዛታችሁ በፊት ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቦታውን ማን እንደሚንከባከበው በጽሑፍ ተስማሙ። ዋናው ዝናብ የሚጥለው ተማሪው ለዕረፍት በተበተነበት ወቅት ስለሆነ፣ ኃላፊ ያልተመደበለት መደብ መስከረም ላይ በአረም ተውጦ ወይም በፍየል ተበልቶ ይገኛል። አጥሩም ከዘሩ ይቅደም፤ የድሬዳዋን ፍየል የሚያውቅ ምክንያቱን አይጠይቅም። ለጥበቃ ሠራተኛው ከምርቱ ድርሻ መስጠት፣ በእኔ አስተያየት፣ ከማንኛውም ማሳሰቢያ የበለጠ ይሠራል።

ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ቆላ በመሆኗ፣ ከፍ ተደርጎ የተሠራ መደብ እርጥበቱን ቶሎ ያጣል፤ ስለዚህ ግማሽ ስንዝር ያህል ዝቅ ያለ መደብ ቆፍራችሁ፣ የበሰለ ብስባሽ ከአፈሩ ጋር ቀላቅላችሁ፣ ችግኙ ከተተከለ በኋላ ግንዱን ሳትነኩ ዙሪያውን ደረቅ ሣር ጎዝጉዙለት። አትክልቱን ውሃ የምታጠጡት በማለዳ፣ ከሰልፍ በፊት ይሁን። ሰላጣ በሙቀት ቶሎ አበባ አውጥቶ ስለሚመር ለጀማሪ ክበብ አይመረጥም፤ ቆስጣ ግን ዳር ዳሩ ያለው ቅጠል እየተቀነጠበ መሐሉ ከተተወለት ለወራት ደጋግሞ ይሰጣል።

የክበቡን መሪነት ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አትስጡ፤ በፈተና ዝግጅት ይጠመዳሉ፣ ሰኔ ላይም የተማሩትን ይዘው ይሄዳሉ። የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ይምሩት፣ ከእያንዳንዳቸውም ጋር አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ አብሮ ይሥራ።