አምባዛን ከትንሽ ጀልባ ላይ በመንጠቆ እንዴት እንደሚያዝ

ሐዋሳ መጥቶ ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ የሚበላ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው ቆሮሶን ነው። አምባዛ ጠባዩ ሌላ ነው። ውሎው ከታች፣ ጭቃው ላይ ነው። ምግቡንም የሚያገኘው በአፉ ዙሪያ ባሉት 8 ሪዞች እየዳሰሰና እያሸተተ ነው። ስለዚህ ዋናው ቁም ነገር አንድ ነው፦ መንጠቆው ላይ ያለው ምግብ መሬት ነክቶ ሳይንቀሳቀስ መቆየት አለበት።

መጀመሪያ ዕቃ። ዘንግ ካላችሁ ያዙ። እኔ ግን እንጨት ላይ የተጠቀለለ ወፍራም የናይለን ክር እመርጣለሁ፤ ዓሣው ገና ሲነካው ጣት ላይ ይታወቃል። የአምባዛ አፍ ሰፊ ስለሆነ መንጠቆው ትልቅና ጠንካራ ይሁን። ክብደቱ መሃሉ የተበሳ እርሳስ ነው። እርሳሱን ክሩ ላይ አትቋጥሩት፤ ክሩ በቀዳዳው እንደልቡ ይለፍ። ከመንጠቆው አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብላችሁ ትንሽ ዶቃ እሰሩና እርሳሱ እዚያ ላይ ይቁም። ዓሣው ምግቡን ይዞ ሲሄድ ክሩ ብቻ ይከተለዋል፤ ክብደት ከተሰማው ይተፋዋል። እርሳስ ካጣችሁ ትልቅ ዳዶም ይሆናል።

ለምግቡ ገንዘብ አታውጡ። ዓሣ የሚበልቱትን ልጆች የቆሮሶ አንጀትና ቁራጭ ብትጠይቋቸው ይሰጧችኋል። የመሬት ትልም ጥሩ ነው።

አምባዛ በደንብ የሚበላው ሌሊት ነው። በጨለማ ግን በትንሽ ጀልባ አትውጡ። ጉማሬ ሌሊት ሳር ሲግጥ አድሮ ጎህ ሲቀድ ወደ ውሃው ይመለሳል፤ መንገዱ ላይ መገኘት አደጋ ነው። በደንብ ሲነጋ፣ ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ውጡና ከደንገሉ ራቁ። ጉማሬዎቹ በዚያ ሰሞን የት እንዳሉ ዓሣ አስጋሪዎቹ ያውቃሉ፤ ሳትጠይቁ አትነሱ። የሕይወት አድን ጃኬት ዋና ለሚችልም ግዴታ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን፤ ጀልባውን ማቆም። ሐይቁ ጠዋት ጸጥ ያለ ይመስላል፤ ቀላል ነፋስ ግን ጀልባዋን ቀስ እያለ ይወስዳታል። ጀልባዋ ስትሄድ ክሩ ይወጠራል፣ ምግቡም ከጭቃው ተነስቶ ይንሳፈፋል። ሰውየው «ዛሬ ዓሣ የለም» ይላል፤ ዓሣው ግን ከሥሩ ነው።

መልህቅ ከሌለ ከባድ ድንጋይ በጠንካራ ገመድ እሰሩ። ገመዱ የውሃውን ጥልቀት ሦስት እጥፍ ይሁን፤ 4 ሜትር ውሃ ላይ 12 ሜትር ገመድ። አጭር ገመድ ማዕበል በመጣ ቁጥር ድንጋዩን ያነሳዋል፤ ረጅሙ ግን አግድም ስለሚስብ ድንጋዩ ጭቃ ውስጥ ይቀበራል። ገመዱን ሁልጊዜ የጀልባዋ አፍንጫ ላይ እሰሩ። ጎን ላይ ከታሰረ ማዕበሉ በአግድም ይመታትና ትገለበጣለች። በትክክል መቆማችሁን ለማወቅ ዳር ላይ ሁለት ነገር ምረጡ፤ ለምሳሌ አንድ ዛፍና ከኋላው የታቦር ተራራን ጫፍ። ዛፉ ከጫፉ እየራቀ ከሄደ ድንጋዩ እየተጎተተ ነው፤ ገመድ ጨምሩ።

ከዚያ ክሩን ልቀቁ። እርሳሱ መሬት ሲነካ ክሩ ይላላል። የተረፈውን ቀስ ብላችሁ ሰብስቡና በሁለት ጣት ያዙት። እጃችሁ ላይ ግን በፍጹም አትጠምጥሙት፤ ትልቅ አምባዛ ሲጎትት ናይለኑ ሥጋ ይቆርጣል።

መጀመሪያ የሚሰማው ትንሽ ንክኪ ነው፤ በሪዙ እየቀመሰ ነው። አትሳቡ። ክሩ በቀጥታ መሄድ ሲጀምር ትንሽ ልቀቁለትና ጠንከር አድርጋችሁ ሳቡ።

ጀልባ ላይ ሲወጣ በደረቅ ጨርቅ ከጭንቅላቱ ኋላ ያዙት። የደረት ክንፎቹ ላይ ያሉት እሾኾች ክፉኛ ይወጋሉ። ከውሃ ውጭም አየር ስለሚተነፍስ ቶሎ አይሞትም፤ ባልዲው ክዳን ይኑረው። ትንንሾቹን መልሱ። በክረምት ደግሞ ለመራባት ወደ ሳራማው ዳር ሲወጣ እዚያ ላይ ባታጠምዱት ይሻላል።

4 ሰዓት አካባቢ ዕቃችሁን ሰብስቡ፤ ከሰዓት ነፋሱ ይበረታል። ቤት ስትደርሱ ልጋጉን በጨው አሽታችሁ እጠቡት፤ ሥጋው ለጉላሽ ግሩም ነው። ለጎረቤት ከመላካችሁ በፊት ግን ጠይቁ፤ ቅርፊት ስለሌለው በሃይማኖታቸው ምክንያት አምባዛ የማይበሉ ብዙ ናቸው።