ሊኑክስ ላይ የጋራ ፎልደር ውስጥ የሚፈጠር ፋይል ግሩፑ ለምን ሌላ ይሆናል?

ምልክቱ ይሄ ነው፦ ለቲሙ የጋራ ፎልደር ከፍታችሁ ግሩፑን «ዴቭ» አድርጋችሁታል፣ ግን አንዱ ውስጡ ፋይል ሲፈጥር ፋይሉ በዴቭ ሳይሆን በሰውየው በራሱ ግሩፕ ይቀመጥና ሌላው ሊያስተካክለው ሲል «ፐርሚሽን ዲናይድ» ይለዋል። ብዙ ሰው እዚጋ 777 (ለሁሉም ሰው ሙሉ ፈቃድ) ሰጥቶ ይገላገላል። እባካችሁ አታድርጉት፣ ለማያገባው ሁሉ በር መክፈት ነው።

ምክንያቱ፣ ሊኑክስ ላይ አዲስ ፋይል ግሩፑን የሚወስደው ከፎልደሩ ሳይሆን ፋይሉን ከፈጠረው ፕሮሰስ (እየሰራ ካለው ፕሮግራም) ነው፣ እሱም ብዙ ጊዜ የዩዘሩ ዋና ግሩፕ ነው። ማክና ፍሪቢኤስዲ ላይ ግን የፎልደሩን ይወርሳል፣ ስለዚህ ማካችሁ ላይ ሲሰራ የነበረ ነገር ሊኑክስ ሰርቨር ላይ እምቢ ቢል አይግረማችሁ፣ ፖዚክስ (የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች የጋራ ደንብ) ሁለቱንም ይፈቅዳል።

መፍትሄው ሴትጂአይዲ ቢት ነው። ፎልደሩ ላይ «ቻሞድ ጂ+ኤስ» (chmod g+s) ካላችሁ ከዛ በኋላ እዛ የሚፈጠረው የፎልደሩን ግሩፕ ይይዛል፣ አዲስ ሰብፎልደርም ቢቱን ጭምር ይወርሳል። «ኤልኤስ -ኤልዲ» (ls -ld) ስትሉ በግሩፑ ቦታ በኤክስ (ፎልደሩ ውስጥ የመግባት ፈቃድ) ፈንታ ትንሿ ኤስ መታየት አለባት፣ ትልቋ ከመጣች ግሩፑ ኤክስ የለውም ማለት ነው፣ ስጡት። የድሮዎቹ ፋይሎች ግን በራሳቸው አይለወጡም፣ እነሱን በ«ቻግሩፕ -አር» (chgrp -R) ቀይሩ፣ ለነበሩት ሰብፎልደሮችም ቢቱን ለየብቻ ስጡ።

ግሩፑ ተስተካክሎም መጻፍ እምቢ ካለ ይሄ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ዩማስክ፣ ማለትም አዲስ ፋይል ሲፈጠር የትኛው ፈቃድ እንደሚቀነስበት የሚወስነው ቁጥር። 022 ከሆነ ፋይሉ 644 ሆኖ ስለሚወጣ ግሩፑ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልም፣ 002 ስታደርጉት 664 ይሆናል።

እኔን ግማሽ ቀን የበላኝ ግን ሌላ ነው፣ ሁሉም ልክ ሆኖ የአንድ ሰው ፋይሎች ብቻ ያስቸግሩ ነበር፣ ለካ ልጁ ሆም ፎልደሩ ውስጥ ሰርቶ በ«ኤምቪ» (mv፣ ፋይል ማዛወሪያው) ነው የሚያመጣቸው! ኤምቪ እዛው ፋይልሲስተም ላይ ከሆነ ቦታውን እንጂ ፋይሉን አዲስ አያደርገውም፣ የድሮ ግሩፑን እንደያዘ ይመጣል። በ«ሲፒ» (cp፣ መገልበጫው) ያምጣው፣ ያውም የድሮውን ፈቃድና ግሩፕ እንዳለ ከሚያቆየው -ፒ (-p) ውጭ።

ደግሞ ሰውየውን ዴቭ ውስጥ ገና አሁን ከጨመራችሁት ሎግአውት ብሎ ይግባ፣ የተከፈተ ሴሽን አዲሱን ግሩፕ አያውቀውም። ስትጨምሩትም «ዩዘርሞድ -ኤጂ» (usermod -aG) በሉ፣ ኤዋን ረስታችሁ ጂን ብቻ ከጻፋችሁ ከሌሎች ተጨማሪ ግሩፖቹ በሙሉ ታስወጡታላችሁ።