ትንሽ አውሮፕላን ሲነሳ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ትንሽ አውሮፕላን ገና እንደተነሳ ወደቀ ሲባል ሁላችንም «ሞተሩ ምን ሆኖ ነው?» እንላለን። የምርመራ ሪፖርቶችን ስታነቡ ግን ሞተሩ ደህና የነበረባቸው አደጋዎች ብዙ ናቸው። ነገሩ የተበላሸው መሬት ላይ ነው፣ ጎማው ሳይንከባለል። መብረር ለምትማሩም፣ በትንሽ አውሮፕላን ለምትሳፈሩም የሚጠቅም መስሎ የታየኝን ልጻፍ።

ክብደትን በዓይን መገመት

ነሐሴ 2001 እ.ኤ.አ.፣ ባሃማስ፣ ማርሽ ሃርበር። ሴስና 402 የሚባል አንድ ትንሽ አውሮፕላን ተነስቶ ወዲያው ወደቀ። ዘፋኟን አሊያን ጨምሮ የተሳፈሩት 9 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። አውሮፕላኑ ከሚፈቀደው በላይ ተጭኖ ነበር። ክብደቱም ከልክ በላይ ወደ ኋላ ሄዶ ነበር። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ይሄ ሁለተኛው ነው። ጅራቱ ሲከብድ አፍንጫው ወደ ላይ ይቃጣል፤ አብራሪው መሪውን ቢገፋም እሺ ላይለው ይችላል። ስለዚህ ሻንጣው ስንት ኪሎ እንደሆነ ብቻ ሳይሆን የት እንደተቀመጠም ይሰላል። ተሳፋሪዎች፣ ኪሏችሁን ስትጠየቁ እባካችሁ አትፈሩ፣ እውነቱን ተናገሩ። አብራሪው «ቦታ ተቀያየሩ» ካለም ያለ ክርክር ተቀያየሩ።

ከፍታን መርሳት

ለእኛ አገር ሰው ከሁሉም የሚቀርበው ይህ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይብስበታል። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩም፣ ፕሮፔለሩም፣ ክንፉም አብረው ይደክማሉ። የቦሌ ማኮብኮቢያ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ላይ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ወደ ሩብ የሚጠጋ ጉልበቱን ያጣል። ቆላ ላይ 400 ሜትር ተንደርድሮ የሚነሳ አውሮፕላን ደጋ ላይ በዚያው ርቀት አይነሳም።

ሚያዝያ 1996 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የሆነው ልብ ይሰብራል። የ7 ዓመት ልጅ፣ አባቷና አስተማሪው አብራሪ አገር አቋርጠው ለመብረር ከካሊፎርኒያ የባህር ዳርቻ ተነሱ። በማግስቱ ጠዋት ከሻየን፣ ዋዮሚንግ ለመነሳት ተዘጋጁ። ሻየን 1,900 ሜትር ይጠጋል፣ ከአዲስ አበባ ዝቅ ይላል ማለት ነው። አውሮፕላኑ ከሚፈቀደው በ40 ኪሎ ገደማ በልጦ ነበር። ነጎድጓዳማ ዝናብ እየመጣ ነበር። ጋዜጠኞች ይጠብቋቸው ስለነበር ቸኮሉ። ተነሱ፣ ፍጥነት አነሳቸው፣ ክንፉ መሸከም አቃተው። ሦስቱም ሞቱ። መርማሪዎች አብራሪው እንዲህ ያለ ስስ አየር እንዳልለመደ ጽፈዋል። አንድ ሰዓት ቢጠብቁ ኖሮ ብዬ ሳስብ ሁሌም ያንገበግበኛል።

ስለዚህ የመነሻ ርቀታችሁን የምታሰሉት በዕለቱ ሙቀትና በቦታው ከፍታ ይሁን። የአውሮፕላኑ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር አዲስ አውሮፕላን በፈተና አብራሪ እጅ ያስመዘገበው ነው፤ ጨምሩበት። የነዳጅና የአየር ምጣኔውንም መመሪያው እንደሚለው አስተካክሉ። ደጋ ላይ ነዳጁን ሙሉ ከለቀቃችሁት ሞተሩ ይታፈናል።

መሪውን ሳያንቀሳቅሱ መሄድ

የቆመ አውሮፕላን መሪ ነፋስ እንዳያወዛውዘው ይቆለፋል። ሳይከፈት ከተኬደስ? ግንቦት 2014 እ.ኤ.አ. ማሳቹሴትስ፣ ቤድፎርድ ላይ አንድ የግል ጄት ሊነሳ ሲንደረደር መሪው ተቆልፎ ነበር። ማኮብኮቢያውን አልፎ ሄዶ ተቃጠለ፤ 7 ሰዎች አለቁ። አብራሪዎቹ ጀማሪዎች አልነበሩም። የበረራ መረጃ መቅረጫው ሲታይ ከዚያ በፊት ከነበሩት 175 በረራዎች በ98 በመቶው የመሪውን ፍተሻ በሙሉ አላደረጉም። ልምድ እንዲህ ያዘናጋል። ፍተሻው ግማሽ ደቂቃም አይፈጅም፤ መሪውን እስከ ጫፍ ግራ፣ ቀኝ፣ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ እያያችሁ።

ነዳጁን ሳያዩ መነሳት

ከታንኩ ሥር ትንሽ ቀድታችሁ ብርሃን ላይ እዩት። ውሃ ካለ ከታች ይዘቅጣል።

የማቆሚያ ቦታ ሳይመርጡ መንደርደር

«ትንሽ ልሞክር፣ ይነሳ ይሆናል» የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰው ጎድቷል። አብራሪዎች የሚጠቀሙበት ቀላል መለኪያ አለ። የማኮብኮቢያው ግማሽ ላይ ስትደርሱ ለመነሳት ከሚያስፈልገው ፍጥነት 70 በመቶውን ካላገኛችሁ ጋዙን ዝጉ፣ ፍሬን ያዙ። ግማሹ የት እንደሆነ ቀድማችሁ በምልክት ያዙ፣ ዛፍም ይሁን መታጠፊያ።

ወደ ኋላ ለመዞር መሞከር

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባህር ዳር የተነሳው ቦይንግ 737 እርግቦች በሁለቱም ሞተሮቹ ገቡ። ከ104 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 35 ሞቱ። ትልቁም እንዲህ ይገጥመዋል። ትንሹ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ሞተሩ ሲጠፋበት ደግሞ ልብ ወደ ማኮብኮቢያው ይጎትታል፤ «እዚያው ከኋላዬ ነው» ይላል። ግን መዞር ከፍታ ይበላል። በ100 ሜትር ላይ ያን ያህል ከፍታ የለም። ሲዞር ፍጥነት ይወርዳል፣ ክንፉ ይከዳል፣ አውሮፕላኑ በአፍንጫው ይወድቃል። እጃችሁ መጀመሪያ መሪውን ወደፊት ይግፋ፣ ፍጥነቱ እንዳይጠፋ። ከዚያ ፊት ለፊት፣ ወደ ግራና ቀኝ በትንሹ፣ ባዶ ቦታ ፈልጉ። የጤፍ ማሳም ይሁን ሜዳ፣ ክንፉ ገና እየተሸከመ እያለ እዚያው አሳርፉት።