ለከባድ ሳምንት አንዲት መስመር

መምህራን፣ ሳምንቱ ሲከብዳችሁ ይህችን ሞክሯት። በትምህርት ዕቅድ ደብተራችሁ የመጨረሻ ገጽ ላይ በየቀኑ አንድ መስመር ጻፉ። የተማሪው ስምና ያደረገው ደስ የሚል ነገር፣ በቃ። ግን «ጎበዝ ነበር» አይበቃም። «ከኋላ የምትቀመጠው ዛሬ ማንም ሳይጠራት ሰሌዳ ላይ ወጥታ ክፍልፋይ ሠራች» ዓይነት ይሁን። ደስታውን የሚያቆየው ዝርዝሩ ነው።

እዚህ ጎጃም ኅዳርና ታኅሣሥ ይከብዳሉ። የጤፍ አጨዳና ውቂያ ሲደርስ ብዙ ወንበር ባዶ ይውላል። የቀረው ልጅ ሲመለስ ደግሞ ትምህርቱ ጥሎት ሄዷል። ድካሙ ይገባኛል። ቢሆንም ከቁጣ በፊት «አዝመራው እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ፊቱ ፈታ ሲል ታያላችሁ። ያንን ጻፉት።

እኔ በጣም የምወደው ግን ቀጣዩን ነው። በገበያ ቀን ወላጅ ስታገኙ ከገጹ አንዱን ንገሩ። ወላጅ ከመምህር የለመደው ስሞታ ነው፤ ገና ሲያዩን «ደግሞ ምን አጠፋ?» ይላሉ። «ኧረ ምንም አላጠፋም፤ ጓደኛውን ሒሳብ ሲያስረዳ አየሁትና ደስ ቢለኝ ነው» በሏቸው። ምርቃቱን ቆማችሁ ተቀበሉ። ሰኞ ልጁ ቀና ብሎ ይመጣል።

እርማት ሲቆለል ብቻችሁን አትጋፈጡት፤ ከባልደረባ ጋር ቡና አስፈልታችሁ ሥሩት።

ገጹን ደግሞ አትጣሉት። በሴሚስተሩ መጨረሻ ካርድ ላይ የጸባይ አስተያየት ስትጽፉ ከዚያው ላይ ትገለብጣላችሁ።