የሴት የባህር ወንበዴ ታሪክ ስታነቡ ልብሷን ተከተሉ

ሥራዬ ሬዲዮ ላይ ትረካ ማንበብ ነው። ከዓመታት በፊት ስለ ቻርሎት ደ ቤሪ አነበብኩ። የወደደችውን መርከበኛ ተከትላ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ ባህር የወጣች እንግሊዛዊት ወንበዴ ናት። «እውነተኛ ታሪክ» ብዬ ነው የጀመርኩት፤ ድምፄንም ሰበር አድርጌ አስለቀስኩበት።

በማግስቱ አንድ አድማጭ ደወሉ። «ልጄ፣ ይቺን ሴትዮ መጀመሪያ የጻፋት ማነው?» አሉኝ። ሄጄ ፈለግኩ። ተወለደች የተባለው በ1636 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ታሪኳ ብቅ ያለው ግን በ1836፣ ለንደን ውስጥ፣ በሳንቲም በሚሸጥ የወንበዴዎች መጽሐፍ ላይ ነው። ልክ 200 ዓመት! ያን ቀን ቡናም አልወረደልኝ።

ስለዚህ እናንተም መጀመሪያ «መቼ ሆነ?» ሳይሆን «መቼ ተጻፈ?» በሉ። ቀጥላችሁ ለድርጊቱ ቅርብ የሆነውን ወረቀት ፈልጉ። የሁሉም ተራኪ ተወዳጅ የሆኑትን ሁለት የባህር ወንበዴዎች፣ አን ቦኒንና ሜሪ ሪድን እንያቸው። ጃማይካ ውስጥ ፍርድ ቤት የቀረቡት ኖቬምበር 28 ቀን 1720 ነው፤ የችሎቱ ቃል በዓመቱ እዚያው ታትሟል። እኔ ከዚህ ወረቀት የምወደው ዶሮቲ ቶማስ የምትባለውን ምስክር ነው። ታንኳ ላይ ስንቅ ጭና ስትሄድ የእነ አን ወንበዴዎች ያዟት። ሁለቱ ሴቶች የወንድ ጃኬትና ረጅም ሱሪ ለብሰው፣ ራሳቸው ላይ መሐረብ አስረው፣ ገጀራና ሽጉጥ ጨብጠው ነበር። ሴት መሆናቸውን በምን አወቅሽ ቢሉ፣ በጡታቸው ትልቅነት። «ነገ መጥታ እንዳትመሰክርብን ግደሏት» እያሉ ወንዶቹን ይሳደቡ ነበር አለች። ወንዶቹ አልሰሟቸውም፤ እሷም መጥታ መሰከረች።

እዚህ ላይ ልብሱን ልብ በሉ። ሁለት ፈረንሳዊ ምስክሮች ደግሞ፣ ሴቶቹ መርከብ ሲያሳድዱና ሲያጠቁ የወንድ ልብስ ይለብሳሉ፣ በሌላው ጊዜ የሴት ልብስ ነው የሚለብሱት ብለዋል። የሥራ ልብስ ነበር ማለት ነው፤ እንደ ቱታ።

አሁን በ1724 ለንደን የታተመውን ዝነኛ የወንበዴዎች ታሪክ ክፈቱ። ቱታው ምስጢር ሆኗል። ሜሪ ወንድ መስላ መርከቡ ላይ ትኖራለች። አን ቆንጆ ጎረምሳ መስሏት ትወዳታለች። የአን ውሽማ፣ ካፒቴኑ ጆን ራካም፣ ቀንቶ «አንገቱን እቆርጣለሁ» ይላል። በመጨረሻ ሜሪ ለወደደችው ሰው ደረቷን ሳታስብ የገለጠች መስላ ታሳየዋለች። ለትረካ እንዴት እንደሚጥም እኔን ጠይቁኝ። ግን የባሃማስ ገዥ ገና በሴፕቴምበር 1720 ባወጣው አዋጅ ሁለቱንም ሴቶች በስማቸው ጠርቷቸዋል። ገዥው የብስ ላይ ተቀምጦ ያወቀውን፣ አብሯቸው የሚያድረው ሠራተኛ እንዴት አያውቅም? እንዲህ ያለ ክፍተት ስታገኙ እርሳስ አንሱና አስምሩበት።

ሥዕሉንም አትዝለሉት። በለንደኑ መጽሐፍ ሱሪና ጃኬት ለብሰው ቆመዋል። በ1725 አምስተርዳም ላይ በደች ቋንቋ ሲታተም ደረታቸው ተራቁቷል። ሴቶቹ ያው ናቸው፤ ያለፈው አንድ ዓመት ብቻ ነው። በ1840ዎቹ ቦስተን ላይ ደግሞ ፋኒ ካምቤል የምትባል ልብ ወለድ ወንበዴ ስትመጣ ቁልፉ ሁሉ እስከ አንገት ተቆልፏል። ፋኒ ባህር የወጣችው ኩባ የታሰረ እጮኛዋን ልታስፈታ ነው። የዘመኑ አንባቢ ሴት ልጅ ሽጉጥ ብትይዝ ግድ የለውም፤ ብቻ ለሰርጓ ይሁን።

ሌላው ልምዴ ቁጥር መፈለግ ነው። «የካሪቢያን ንግሥት» የሚል ካጋጠማችሁ ስንት ጊዜ፣ ምን ያህል ብላችሁ ጠይቁ። የራካም ቡድን መርከብ ሰርቆ ከወጣ እስኪያዝ ሁለት ወር ገደማ ነው የቆየው። ከክሶቹ አንዱ የሰባት ዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎች ዝርፊያ ነው፤ ዓሣውና የማጥመጃ ዕቃው የተገመተው 10 ፓውንድ። ሁለቱም ሴቶች ካፒቴን ሆነው አያውቁም። በእውነት መርከቦችን ያዘዘችው ቻይናዊቷ የዠንግ ዪ ሚስት ናት (መጠሪያዋም ይኸው ነው)። ባሏ ሲሞት ግዙፉን የወንበዴ ጥምረት መራች፣ በ1810 ከመንግሥት ጋር ተደራድራ እጇን ሰጠች፣ እስከ 1844 ኖረች። በእንግሊዝኛ ግን ከእሷ ይልቅ የሁለት ወሮቹ ናቸው የሚተረኩት። እኔማ በድብቁ ደረት አሳብባለሁ።

መጨረሻውን ስታነቡም ተጠንቀቁ። ሁለቱም ሞት ከተፈረደባቸው በኋላ እርጉዝ ነን ብለው ስቅላቱ ቆመላቸው። ሜሪ በ1721 ሞተች፤ የተቀበረችው በኤፕሪል ነው። ስለ አን የ1724ቱ መጽሐፍ የሚለው አልተሰቀለችም ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ባል፣ ልጅ፣ እርጅና ሁሉ የኋላ ጸሐፊዎች ስጦታ ነው።

ባለፈው ወር የአንን ታሪክ እንደገና አነበብኩት። ልጅነቷን ትቼ ከታንኳው ጀመርኩ። ያ አድማጭ ደወሉ። «ዶሮቲ ምን ነበር የጫነችው?» አሉኝ።