ቡሩ ደነዘዘ ወይስ ቆሸሸ?

ቅል የምቀርጸው በእጅ በሚያዝ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሽን ነው፤ ማሽኑ ላይ ተገጥሞ እየዞረ የሚቆርጠው ትንሽ ጫፍ ቡር ይባላል። መሳቢያዬ ውስጥ «ደንዝዘዋል» ብዬ ያገለልኳቸው ቡሮች የሞሉበት አንድ ቆርቆሮ ነበር። አንድ ቀን ሥራ አልሄድ ሲለኝ አንዱን አውጥቼ በአጉሊ መነጽር አየሁት። በጥርሶቹ መካከል ቡናማ ነገር ተጋግሯል። በመርፌ ጫፍ ጫር ሳደርገው ተቀርፎ ተነሳ። ከሥሩ ያለው ጥርስ ስል ነው፣ ምንም አልሆነም። ሌሎቹንም አየኋቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንደዚሁ ነበሩ። በእነሱ ምትክ ስንት አዲስ ገዝቻለሁ መሰላችሁ!

እናም ከታች ያሉት ችግሮች ሲገጥሟችሁ ኪሳችሁን ከመዳሰሳችሁ በፊት ቡሩን ዳስሱት። ማሽኑን ከሶኬት ነቅላችሁ ነው ታዲያ።

ቅሉ ይጨሳል፣ መስመሩ ይጠቁራል

«ቅል በአገሩ ድንጋይ ይሰብራል» ይባል የለ? በደንብ የደረቀ ቅል ድንጋይ ባይሰብርም ቡር ያቃጥላል። የላይኛው ቅርፊት እንደ ጠንካራ እንጨት ነው።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ቆሻሻ ነው። ጥርሱ በዱቄት ከተደፈነ ቡሩ መቁረጡን ትቶ ማሸት ይጀምራል። ማሸት ሙቀት ነው፣ ሙቀቱ ደግሞ ዱቄቱን የባሰ ያጋግረዋል። ድምፁም ይነግራችኋል፤ ጥርት ያለው ፉጨት ወደ ማጉረምረም ከተቀየረ አቁሙና እዩት።

ሁለተኛው የእጅ ጫና ነው። ሰው ቡሩ አልቆርጥ ሲለው ይጫናል። ከላይ ላዩ እየመላለሳችሁ፣ በአንድ ጊዜ ከግማሽ ሚሊሜትር ብዙም ሳታልፉ ውረዱ።

ሦስተኛው ፍጥነት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ማሽኖች ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ5,000 እስከ 35,000 ዙር ይሽከረከራሉ። ቁጥሩ አንድ ቢሆንም የቡሩ ውፍረት ነገሩን ይለውጠዋል። በ20,000 ዙር 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቡር ጠርዙ በደቂቃ 188 ሜትር ገደማ ይጓዛል። 9 ሚሊሜትሩ ግን 565 ሜትር፣ ማለትም ሦስት እጥፍ። ስለዚህ ትንሹን ቡር አውጥታችሁ ትልቁን ስትከቱ ፍጥነቱን ቀንሱ። በጣም መቀነስም ጥሩ አይደለም፤ ጥርሱ ቅሉን እየነከሰ መዝለል ይጀምራል።

ተደፍኗል፤ እንዴት ይጸዳል?

እንደ ቡሩ ዓይነት ነው። ሁሉንም በአንድ መንገድ አጸዳለሁ ያለ ሰው አንዱን ያበላሻል።

የብረትና የካርባይድ (ከብረት የሚጠነክር ሠራሽ ነገር) ቡር ግልጽ ጥርስ አለው። በነሐስ ብሩሽ፣ የጥርሱን መስመር ተከትላችሁ ፈትጉት። የብረት ሽቦ ብሩሽ አትጠቀሙ። ካርባይድ ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ነው፤ መሬት ላይ ቢወድቅ ወይም ከሌላ ቡር ጋር ቢጋጭ ጥርሱ ይሸረፋል። አንድ ላይ ቆርቆሮ ውስጥ ማጨቅ የማይሆነውም ለዚሁ ነው። እኔ አሁን ቀዳዳ በቀዳዳ የበሳሁት እንጨት ላይ ነው የማቆማቸው።

የአልማዝ ቡር ጥርስ የለውም። ደቃቅ የአልማዝ ቅንጣቶች በኒኬል ተለብጠው ዘንጉ ላይ ተጣብቀዋል። ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና 10 ወይም 15 ደቂቃ ዘፍዝፉና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሹት። እምቢ ካለ ለአልማዝ ማደሻ የሚሸጠውን ነጭ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ድንጋይ ውሃ አስነክታችሁ፣ ቡሩን በዝግታ እያሽከረከራችሁ ለአፍታ ብቻ አስነኩት። ማሽኑ ላይ ግን ውሃ እንዳይፈስ።

እንደ እሾህ የቆሙ ጥርሶች ላሉት የካርባይድ ቡር የሚመቸው የብርጭቆ ወረቀት ማጽጃ የሚሆነው የጎማ ጥፍጥፍ ነው። ቡሩን በዝቅተኛ ፍጥነት ጎማው ላይ ስታስነኩት ጎማው ዱቄቱን ይዞ ያወጣዋል። በእሳት አቃጥለው የሚያጸዱም አሉ። ዘዴው ለዚህ ዓይነቱ ቡር ብቻ የሚሆን ነው፤ አልማዙን ያጠፋዋል፣ ርካሹን ብረት ያለሰልሰዋል። ጎማው እያለ እኔ እሳት አልነካም።

ቀለም ወይም ቫርኒሽ የተቀባ ቅል ስትቀርጹ የሚጣበቀው ነገር በሳሙና አይለቅም። እሱን አሴቶን ያስለቅቀዋል። አሴቶን ግን በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ የማሽኑ ሞተር ደግሞ ውስጡ ብልጭታ አለው። ቡሩን ነቅላችሁ፣ ከማሽኑ ርቃችሁ፣ አየር ባለበት ቦታ እጠቡት። ከሁሉ የሚሻለው ግን አስቀድሞ መቅረጽ፣ በኋላ መቀባት ነው።

ከታጠበ በኋላ በደንብ ይድረቅ። የብረቱ ቡር ይዝጋልና አንድ ጠብታ የማሽን ዘይት አስነኩት። ታዲያ ሥራ ስትጀምሩ ዘይቱን መጥረግ እንዳትረሱ። እኔ ረስቼ፣ ያለቀለት ቅል ላይ የዘይት ጠብታ ተሰራጭቶ ቀለም የማይዝ ክብ ጠባሳ ተወልኝ።

ቡሩ ያዳልጣል፣ ከመስመር ይወጣል

ድቡልቡሉን ቡር ቀጥ አድርጋችሁ ይዛችሁ ይሆናል። የድቡልቡል ቡር መካከለኛ ጫፍ ቦታው ላይ ይዞራል እንጂ አይጓዝም፤ ስለዚህ እዚያ ጋ አይቆርጥም። ጠንካራውና ልሙጡ ቅርፊት ላይ ብቻ ይንሸራተታል። ማሽኑን ዘንበል አድርጋችሁ በጎኑ ቁረጡ፤ ነገሩ ወዲያው ይለወጣል።

አቅጣጫም አለ። ቡሩ ከማሽኑ ጀርባ ሲታይ እንደ ሰዓት ነው የሚዞረው። ቀኝ እጃችሁ ይዞት የቡሩ ጫፍ ወደ ግራ ካመለከተ፣ ቅሉን የሚነካው የታችኛው ጎን ወደ እናንተ ይመጣል። ማሽኑ ደግሞ እንደ ጎማ ተንከባሎ ወደ ፊት ማምለጥ ይፈልጋል። ወደ ራሳችሁ ስትስቡት እናንተ ትመሩታላችሁ፤ ወደ ፊት ስትገፉት ግን እሱ ይመራችኋል። ግራኞች ሆይ፣ ለእናንተ ተቃራኒው ነው።

የመጀመሪያው መስመር በእርሳስ ከተሳለ በኋላ በስለት ጫፍ ጫር ቢደረግ ቡሩ መንገድ ያገኛል። እሱም ሆኖ ያመለጠኝ አለ። አንድ ቅጠል ላይ አዳልጦኝ የወጣውን ጭረት ሐረግ አድርጌ ቀጠልኩት። ማንም አላወቀብኝም።

ጠርዙ ይቦጫጨቃል

ከቅርፊቱ በታች ያለው ሽፋን ለስለስ ያለ፣ ቡሽ የመሰለ ነው። ግርድፍ ጥርስ ይቦጭቀዋል። በግርድፉ ከመጨረሳችሁ በፊት አቁሙና ጠርዙን በደቃቅ የአልማዝ ቡር ጨርሱት።

በደቃቁም ካልተስተካከለ ቅሉን ጠርጥሩ። በደንብ የደረቀ ቅል ቀላል ነው፣ ሲነቀነቅም ብዙ ጊዜ ፍሬው ይንኳኳል። እርጥበት ያለው ቅል ጠርዙ ይቦጫጨቃል፣ ዱቄቱም ሊጥ እየሆነ ቡሩን ይደፍናል። መፍትሔው ቡር መቀየር አይደለም፤ መጠበቅ ነው።

እጅን የሚያደነዝዝ ንዝረት

ይህን በዝምታ አትለፉት። የቡር ዘንግ ብዙውን ጊዜ በሁለት ልክ ይመጣል፤ 2.35 ሚሊሜትር እና 3.2 ሚሊሜትር ገደማ። ዘንጉን ቆንጥጦ የሚይዘው ኮሌት በልኩ ካልሆነ ቡሩ ይንሸራተታል ወይም ያፈነገጠ ይዞራል። በጨርቅ ወይም በቴፕ ጠቅልሎ ማጥበቅ የሚባል ነገር አይሞከር።

ልኩ ትክክል ሆኖ ከተንቀጠቀጠ ኮሌቱ ውስጥ ዱቄት ገብቷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ አውጥታችሁ ጥረጉት። ከዚያ ዘንጉን ጠፍጣፋ መስተዋት ላይ አንከባልሉት። ጫፉ እየተነሳ እየወረደ ከዞረ ተጣሟል። የተጣመመ ቡር ይጣላል፣ አይቃናም። ዘንጉን ኮሌት ውስጥ ጠለቅ አድርጋችሁ አስገቡት፤ ብዙ ወጥቶ የተንጠለጠለ ቀጭን ዘንግ በከፍተኛ ፍጥነት ድንገት ይታጠፋል።

ዱቄቱን በተመለከተ፦ የቅል ዱቄት በተለይም የውስጡ ሻጋታ ሊኖርበት ይችላል፣ ሳንባን ያስቆጣል። የጨርቅ ጭምብል አይበቃም፤ ኤን95 ወይም ከዚያ የተሻለ አድርጉ። መነጽርም እንዳትረሱ።

በእውነት ሲደነዝዝስ?

አጽድታችሁ፣ ፍጥነቱን አስተካክላችሁ፣ እጃችሁን አቅልላችሁም ከጨሰ ወደ መብራት ውሰዱት። ስል ጥርስ ጠርዙ ብርሃን አይመልስም። የደነዘዘው ግን ጠርዙ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ይታያል። አልማዝ ከሆነ ቅንጣቱ ረግፎ ያንጸባረቀ ራሰ በራ ብረት ታያላችሁ፤ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚመለጠው ጫፉ ነው። እንዲህ ከሆነ አዲስ ግዙ፣ ምንም አትጸጸቱ።