“መኪናዋ ነዳጅ ትበላለች” ከማለትዎ በፊት፦ የቤንዚን ፍጆታን ሲመዝኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

“መኪናዋ ነዳጅ አበዛች” የሚለው አቤቱታ ጋራዥ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር ይዞ አይመጣም። ቁጥር ቢኖርም ከየት እንደተገኘ ሲጠየቅ ወይ ዳሽቦርዱ ላይ የተነበበ፣ ወይ “ይህን ያህል ቀድቼ ቀዩ መብራት እስኪበራ ነዳሁ” የሚል ነው። መካኒኩም ደንበኛውን ባዶ እጁን ላለመመለስ ካንዴላና ፊልትሮ ይቀይራል፣ ኢንጀክተር ያጥባል። ለውጥ መምጣት አለመምጣቱን ግን ማንም ማረጋገጥ አይችልም፤ መነሻው አልተለካማ።

በጌጅና በቀይ መብራት መለካት

የነዳጅ ጌጅ የሚያሳየው ግምት ነው። ታንኩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ የሚያነበው የነዳጁን ከፍታ ሲሆን፣ ታንኩ ደግሞ ከኋላ ወንበር ሥር እንዲገባ ተብሎ ቅርጹ የተዛባ ነው። ስለዚህ ጌጁ ላይ እኩል የሚመስለው ሩብ ከሩብ በሊትር እኩል ላይሆን ይችላል። ብዙ መኪኖች እስከ ግማሽ ቀስ ብለው፣ ከዚያ በታች ግን በሩጫ የሚጨርሱ የሚመስሉት በዚህ የተነሳ ነው። ቀዩ መብራትም በአብዛኞቹ ትናንሽ መኪኖች ከ5 እስከ 8 ሊትር ሲቀር ይበራል፤ ዳገት ወይም ቁልቁለት ላይ ከሆኑ ቀደም ወይም ዘግየት ይላል።

የሚታመነው ሙሉ ታንክ ሞልቶ መለካት ነው። መቅጃው በራሱ ቀጭ ብሎ እስኪቆም ይሙሉ፣ የጉዞ ቆጣሪውን ዜሮ ያድርጉ፣ እንደወትሮው ይንዱ። ቢያንስ ግማሽ ታንክ ሲጎድል እዚያው ማደያ፣ ከተቻለ እዚያው ፓምፕ ላይ፣ መኪናዋን በዚያው አቅጣጫ አቁመው እንደገና እስከ መጀመሪያው ቀጭታ ይሙሉ። 425 ኪሎ ሜትር ሄደው 34 ሊትር ከገባ፣ 34ን ለ425 አካፍለው በ100 ሲያባዙ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ይመጣል።

ከቀጭታው በኋላ “ትንሽ ጨምርበት” ማለት ሁለት ጉዳት አለው። ልኬቱን ያዛባል፤ ከዚያም በላይ የታንኩን ትነት የሚይዘው የከሰል ካኒስተር ውስጥ ፈሳሽ ቤንዚን ገብቶ ሊያበላሸው ይችላል።

በአንድ ሙሌት መፍረድ

መቅጃው ሁልጊዜ እኩል ከፍታ ላይ አይቆምም። በአረፋው፣ በመቅጃው አገባብና በፍሰቱ ፍጥነት የተነሳ የ1 ወይም የ2 ሊትር ልዩነት ይኖራል። የተቀዳው 15 ሊትር ብቻ ከሆነ የ2 ሊትር ስህተት 13 በመቶ ነው፤ ጤነኛዋን መኪና በሽተኛ ለማስመሰል ይበቃል። አራት ሙሌት ተደምሮ 140 ሊትር ሲሆን ግን ያው 2 ሊትር 1.5 በመቶ እንኳ አይሞላም። ትርፍና ጉድለት የሚያመጡት የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሙሌት ብቻ ናቸው፤ የመካከሉ እርስ በርሱ ይጣፋል።

ሲያሰሉ የሊትሩን ድምር ለኪሎ ሜትሩ ድምር ያካፍሉ። በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደተሄደ ከየሙሌቱ አውጥቶ አማካዩን መውሰድ ያሳስታል። 100 ኪሎ ሜትር በሊትር 10፣ ሌላ 100 ኪሎ ሜትር በሊትር 20 የሄደች መኪና አማካይዋ 15 ይመስላል። የጨረሰችው ግን 10 ሲደመር 5፣ ማለትም 15 ሊትር ነው፤ 200 ለ15 ሲካፈል 13.3 ይሆናል።

የዳሽቦርዱን ቁጥር እንዳለ መውሰድ

ኮምፒውተሩ ፍጆታውን የሚያሰላው ኢንጀክተሮቹ ክፍት ሆነው ከቆዩበት ጊዜ ነው እንጂ ቤንዚኑን በቀጥታ ለክቶ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት በመቶ ለመኪናዋ ያደላል። ይህ ማለት ግን አይጠቅምም ማለት አይደለም፦ ፓምፑ 8.0 ሲል ዳሽቦርዱ 7.4 ካለ፣ ከዚያ በኋላ የዳሽቦርዱን ቁጥር በ1.08 እያባዙ መጠቀም ይቻላል።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ሊዋሽ ይችላል። በ195/65R15 ፋንታ 205/65R15 ጎማ ከተገጠመ የጎማው ቁመት ከ634.5 ወደ 647.5 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ ቆጣሪው 2 በመቶ አሳንሶ ይቆጥራል፣ መኪናዋም በወረቀት ላይ 2 በመቶ በላተኛ ትሆናለች። ያለቀ ጎማ ተቃራኒውን ያደርጋል፦ ጥርሱ ከ8 ወደ 2 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ቁመቱ 12 ሚሊ ሜትር ስለሚቀንስ ቆጣሪው ወደ 2 በመቶ ገደማ አብዝቶ ይቆጥራል። አዲስ ጎማ ባስገቡ ማግስት “ነዳጅ ጨመረች” ከሚሉት መካከል አንዳንዶቹ የሚያዩት ይህንን ነው። በስልክ ጂፒኤስ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ ማነጻጸር ጥርጣሬውን ይፈታል።

የተለያየ ጋሎን ማምታታት

በይነመረብ ላይ “በጋሎን 30 ማይል” ተብሎ ሲጻፍ የየትኛው አገር ጋሎን እንደሆነ ይመልከቱ። በአሜሪካው (3.785 ሊትር) በ100 ኪሎ ሜትር 7.8 ሊትር፣ በእንግሊዙ (4.546 ሊትር) 9.4 ሊትር ነው።

ከአምራቹ ቁጥር ጋር ፊት ለፊት ማወዳደር

የአምራቹ ቁጥር ውሸት አይደለም፤ ግን የተገኘው በላቦራቶሪ ነው፣ ላቦራቶሪው ደግሞ የትኛውን የፍተሻ ሥርዓት እንደተከተለ ማወቅ ያስፈልጋል። አውሮፓ ለረጅም ጊዜ የተጠቀመበት ኤንኢዲሲ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ከቆመበት ተነስቶ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ 26 ሰከንድ ይፈቅዳል። እንዲህ የሚነዳ ሰው ከኋላው የሚመጣው ሁሉ ጡሩምባ ይነፋበታል። በ2017 ለአዳዲስ ሞዴሎች፣ በ2018 ለሁሉም አዳዲስ መኪኖች (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ኤንኢዲሲን የተካው ደብሊውኤልቲፒ 23 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን፣ ከ130 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ የሚደርስና ለእውነተኛው መንገድ የቀረበ ነው። የጃፓኑ ጄሲ08 አጭርና ለስለስ ያለ ነው። የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ ተቋም (ኢፒኤ) ፍተሻ ከ2008 ሞዴል ጀምሮ ቅዝቃዜን፣ ኤሲንና ኃይለኛ አነዳድን ስለሚጨምር ከሌሎቹ ይልቅ ለዕለት ተዕለት አነዳድ ይቀርባል። ስለዚህ በኤንኢዲሲ ወይም በጄሲ08 ከተጻፈው 25 በመቶ በላይ መጠቀም ብቻውን የብልሽት ምልክት አይደለም፤ ከኢፒኤ የከተማ ቁጥር በዚያ ልክ መብለጥ ግን መመርመር አለበት።

የጎረቤትን መኪና መመዘኛ ማድረግም እንዲሁ ነው። ስሙ አንድ ሆኖ አንዱ ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ፣ ሌላው ሲቪቲ (ማርሹ በደረጃ ያልተከፋፈለ) ካምቢዮ ሊሆን ይችላል።

አማካይ ፍጥነትን መርሳት

ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ይህ ነው፤ “ከተማ” እና “ከከተማ ውጭ” ብሎ ለሁለት መክፈል ስለማይበቃ። የጉዞ ኮምፒውተሩ ላይ አማካይ ፍጥነቱን ከፍጆታው ጋር አብረው ይመዝግቡ።

1.5 ሊትር አካባቢ የሆነ ሞተር ሞቆ በሚኒሞ (መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ሳይጠፋ) ሲሠራ በሰዓት ከ0.6 እስከ 1 ሊትር ይጠቀማል፤ ኤሲ ሲከፈት ይጨምራል። አማካይ ፍጥነቱ 20 የሆነ ሰው 100 ኪሎ ሜትር ለመጨረስ 5 ሰዓት ይፈጅበታል። ከዚያ ሲሶው ቆሞ የሚያልፍ ከሆነ፣ ሳይንቀሳቀስ ብቻ 1.3 ሊትር ያህል ይሄዳል። አማካይ ፍጥነቱ 40 ሆኖ ለ20 ደቂቃ ብቻ የሚቆመው ግን ለዚሁ 0.3 ሊትር አይሞላም የሚያወጣው።

በዚህ ላይ መነሳትና መቆም አለ። 1,200 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪናን ከቆመችበት ወደ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማድረስ ወደ 15 ሚሊ ሊትር ቤንዚን ይጠይቃል፤ ፍሬን ሲረገጥ ያ ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። በየኪሎ ሜትሩ አንድ ጊዜ መቆም በ100 ኪሎ ሜትር 1.5 ሊትር ነው። እነዚህ ሁለቱ ሲደመሩ፣ በአንድ መኪና በሁለት ሹፌር መካከል የ2 ሊትር ልዩነት ያለ አንዳች ብልሽት ይመጣል።

አጭር ጉዞም ራሱን የቻለ ምክንያት ነው። ሞተር ቀዝቃዛ ሲሆን ኮምፒውተሩ ቤንዚን ያወፍራል፣ ማለትም ከአየሩ አንጻር ያበዛል፤ ውሃው ቢሞቅም ዘይቱ ሌላ ብዙ ደቂቃ ይወስዳል። ሁልጊዜ 4 ኪሎ ሜትር ብቻ ሄዳ የምትቆም መኪና ሞቃ አታውቅም ማለት ይቻላል። በጣም ቀዝቃዛ አካባቢ፣ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ላይ፣ በከተማ አነዳድ በሊትር የሚኬደው ርቀት ከ25 ዲግሪው ጋር ሲነጻጸር 15 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ጉዞው አጭር ሲሆን ከ20 በመቶም ያልፋል። ከከተማ ውጭ ደግሞ ፍጥነት ነው ጉዳዩ፦ ከ90 ወደ 120 ሲጨመር የአየሩ ግፊት 1.8 ጊዜ ያህል ይሆናል፣ ጣሪያ ላይ ፖርቶመጋላ ካለ ይብሳል።

ሳይመረምሩ ዕቃ መቀየር

ለራስ መኪና ትክክለኛው መመዘኛ የራሷ መዝገብ ነው። በተመሳሳይ መንገድ፣ በተቀራራቢ አማካይ ፍጥነትና አየር ሁኔታ፣ ፍጆታው እስከ 10 በመቶ ቢወዛወዝ ብዙ አያስጨንቅም። 15 በመቶና ከዚያ በላይ ጨምሮ በሦስት ሙሌት ካልተመለሰ ምክንያት አለው።

ያኔ የአየር ፊልትሮ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሊሆን አይገባም። በኢንጀክሽን መኪና ላይ የቆሸሸ ፊልትሮ ጉልበት ይቀንሳል እንጂ ፍጆታን ብዙም አይነካም፤ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ከሚገባው አየር ጋር ያመጣጥነዋል። ነገሩ እውነት የነበረው በካርቡሬተር ዘመን ነው። ሞተሩ ካልጠየቀው በስተቀር ባለ ከፍተኛ ኦክቴን ቤንዚን መግዛትም አይረዳም። የጎማ ንፋስ ሁሉም ላይ በ10 ፒኤስአይ ቢጎድል እንኳ የሚጨምረው 2 በመቶ ገደማ ነው፤ ለደህንነት ሲባል ግን መሞላት አለበት።

መጀመሪያ መታየት ያለበት የሞተሩ ሙቀት ነው። ስካነር (የመኪናዋን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ሰክተው ከ15 ደቂቃ ንዳት በኋላ ያንብቡ፤ በአብዛኞቹ ሞተሮች ከ85 እስከ 100 ዲግሪ መሆን አለበት። አውራ ጎዳና ላይ ወደ 70 ከወረደ ቴርሞስታቱ ክፍት ሆኖ ቀርቷል፤ ሞተሩ ገና ያልሞቀ እየመሰለው ቤንዚን ያወፍራል። እዚያው ስካነር ላይ የረጅም ጊዜ የነዳጅ ማስተካከያውን ይመልከቱ፤ ኮምፒውተሩ ከመነሻ ስሌቱ ቤንዚን ምን ያህል እየጨመረ (ፕላስ) ወይም እየቀነሰ (ማይነስ) እንደሆነ በመቶኛ ያሳያል። ከዜሮ 5 በመቶ ወዲህና ወዲያ ጤነኛ ነው። ከ10 በላይ በፕላስ ከሆነ ሾልኮ የሚገባ አየር፣ የቆሸሸ የአየር ፍሰት ሴንሰር ወይም የደከመ ፓምፕ፤ በማይነስ ከሆነ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ይጠረጠራል። የቼክ ኢንጂን መብራት አለመብራቱ ብቻውን ነጻ አያወጣም፤ ያረጀ ኦክስጅን ሴንሰር ኮድ ሳያወጣ ለረጅም ጊዜ ሊያሳስት ይችላል።

ቀጥሎ ፍሬን። ብዙ ሳይረግጡ 10 ኪሎ ሜትር ነድተው ሲቆሙ እጅዎን ወደ አራቱ ቸርኬዎች ያስጠጉ፤ አይንኩ። አንዱ ከሌሎቹ በግልጽ የሚሞቅ ከሆነ የፍሬን ሸራው ዲስኩን አልለቀቀም። በክሪክ አንስቶ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጎ ጎማውን በእጅ ማሽከርከር ያረጋግጠዋል።

የዘይት ማያው ዘንግ ላይ ዘይቱ ከነበረበት ከፍ ብሎ፣ ሲያሸቱትም ቤንዚን ቤንዚን ካለ፣ ፍጆታውን መለካቱን ትተው መኪናዋን ያቁሙ። የቀጠነ ዘይት የሞተሩን ኩሽኔታ ይበላል፤ ኢንጀክተሩ ተስተካክሎ ዘይቱ ከነፊልትሮው ሳይቀየር መንዳት አይገባም።